ስለ ቁልፉና ስለ ባልንጀራው

ጆን ቡንያን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1678 ዓ.ም. ያሳተመውን የክርስቲያን መንገደኛ ታሪክ ያነበበ ወጣት ሁሉ የጥርጥርን ግንብ አይረሳውም። ተስፋ መቁረጥ የተባለው ግዙፍ፥ ክርስቲያንንና ባልንጀራውን ተስፈኛን ከረቡዕ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ሌሊት ያለ እህል ያለ ውኃ አስሮ ይደበድባቸዋል፤ ራሳቸውን እንዲገድሉም ይመክራቸዋል። በመጨረሻ ክርስቲያን፥ የተስፋ ቃል የሚባል ቁልፍ በጉያው እንዳለ ትዝ ይለውና ከፍተው ይወጣሉ።

አንዳንድ ሰባኪዎች ከዚህ ሁሉ ቁልፉን ብቻ ይዘው ይሮጣሉ። ያዘነ ሰው ሲያገኙ «ቁልፉ በጉያህ ሳለ ስለ ምን ትታሰራለህ?» ይሉታል። ይህ አነባበብ ጭካኔ ነው፤ መጽሐፉንም በሚገባ አላየውም። ለመሆኑ ቁልፉ እስኪታወስ ድረስ ክርስቲያንን በሕይወት ያቆየው ማን ነው? ሞትን በተመኘ ጊዜ፥ ግዙፉ አንድ ቀን በሩን መዝጋት ይረሳ ይሆናል እያለ ያስታገሠው ተስፈኛ አይደለምን? ተስፈኛም በከንቱነት ገበያ ታማኝ የተባለው መንገደኛ ሲቃጠል አይቶ ለጉዞ የተነሣ ሰው ነው። ባልንጀራም እንደ ቁልፉ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ግን አንባቢ ቶሎ ያልፈዋል። ቁልፉም ቢሆን (ይህንንም ልብ የሚለው ጥቂት ነው) በውጭው የብረት በር ላይ የዞረው በብዙ ጭንቅ ነው።

ቡንያን ይህን የጻፈው ከሰው ሰምቶ አይደለም። ስብከቱን አልተውም በማለቱ ከ1660 ዓ.ም. ጀምሮ 12 ዓመት ያህል በቤድፎርድ ወህኒ ኖሯል፤ ዓይነ ስውር ልጁን በውጭ ትቶ፥ የጫማ ክር እየሠራ ቤተ ሰቡን ይረዳ ነበር። የተስፋውን ቃል ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ የወህኒው በር ግን ቶሎ አልተከፈተለትም።