ማን ለማን ይጎነበሳል? (ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ አስተያየት)

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ቢኖር እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከራዲዮ ያልሰማው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ያለቀስነው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ግን ከፍቅሩ ሌላ አንድ ከባድ ጥያቄ አለው፦ እኩል ያልሆኑ ሰዎች አብረው ሲኖሩ ጠባዩን ለሌላው የሚያስተካክለው ማን ነው?

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ የታችኛው ነዋ! በዛብህ ቅኔ የተማረ የድኻ ልጅ ነው። ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ አስተማሪ ሆኖ ሲገባ በዕውቀት የበላይ፣ በትውልድ የበታች ነው። ስለዚህ አነጋገሩንም አቀማመጡንም መመዘን አለበት። የጎጃም ሰው ቅኔን የወደደው እንዲያው ለውበቱ ብቻ አይመስለንም። ሰሙን ለጌታው አቅርቦ ወርቁን ለራሱ የሚያስቀር ሰው አጎንብሶም ቢሆን ልቡ ቀና ብሎ ያድራል።

ጠለቅ ብለን ስናየው ግን ፊታውራሪም ነፃ አይደሉም። ክብራቸው የቆመው በሌላው ጉልበት ነውና፣ ገበሬው እጅ መንሣቱን ቢተው እሳቸው ምን ይሆናሉ? በአበጀ በለው የሚመራው ገበሬ ሲያምፅባቸው የምናየው ይኸንኑ ነው። ጉዱ ካሳ ደግሞ ከመኳንንቱ ወገን ሆኖ ሳለ ልማዳቸውን ስለ ነቀፈ «ጉዱ» ተባለ። የበታች ሲያጎነብስ ጨዋ፣ የበላይ ሲያጎነብስ እብድ መሆኑ ነው!

የታሪኩ አገር ዲማ ለቢቸና ቅርብ ነው። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ያን ጊዜ አልሠራም። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ። ለአንድ ጊዜ ጎንበስ ያለው የላይኛው ሆነ። ደራሲው ይህን ተንብየዋል አንልም፤ የሰዉን ጠባይ ግን አሳምረው ያውቁታል።

ቅር የሚለን አንድ ነገር አለ። የበዛብህ ልብ ገጽ በገጽ ሲከፈትልን፣ ገበሬውን ባብዛኛው የምናየው በጅምላ ነው። ፍቅረኞቹም እኩል የሚሆኑት መቃብር ውስጥ ብቻ ነው። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ግን መቃብርን አልጠበቀም። እስቲ መጽሐፉን ደግመን ስናነብ፣ እንባችንን ጠረግ አድርገን፣ ማን ለማን ስንት ጊዜ እንዳጎነበሰ እንቁጠር።