«ሰንጠረዥ» እና «ቼዝ»፦ በአንድ ስያሜ ስለ ተደራረቡ ጽንሰ ሐሳቦች

«ቼዝ» የሚለውን ቃል በ«ሰንጠረዥ» መተርጐም በብዙ ተርጓሚዎቻችን ዘንድ የተለመደ ነው። ልማዱ ለአገር በቀል ቃል ከማድላት የመነጨ ስለሆነ ዓላማውን እናከብራለን፤ ውጤቱን ግን ልንቀበለው አንችልም።

ችግሩ ጐልቶ የሚታየው የመጀመሪያዎቹን የቤት ኮምፒዩተሮች ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ ሲሞከር ነው። ፒተር ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1976 «ማይክሮቼዝ» የተባለውን ፕሮግራም ኪም-1 ለተባለችው አነስተኛ ኮምፒዩተር አዘጋጀ። መሣሪያዋ ከስድስት አኃዝ በላይ ስለማታሳይ ተጫዋቹ ገበታውን አጠገቡ ዘርግቶ መጫወቻዎቹን በእጁ ያንቀሳቅስ ነበር። ይህንኑ ፕሮግራም ይሸጥ የነበረው ፐርሰናል ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 «ቪዚካልክ» የተሰኘውን፣ ቁጥሮችን በረድፍና በዐምድ የሚያሰላ ፕሮግራም ለገበያ አቀረበ፤ ለሥራውም ከማይክሮቼዝ የተገኘው ገቢ ረድቷል። ተርጓሚው ሁለቱንም «የሰንጠረዥ ፕሮግራም» ካላቸው አንባቢው የትኛው የትኛውን እንደ ረዳ በምን ይለያል? «ሰ»ንና «ሠ»ን ማፈራረቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ድምፃቸው አንድ ነውና።

ሦስተኛው ጽንሰ ሐሳብ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ጥናት ያሳተሙበት የራሳችን ጥንታዊ ጨዋታ ነው። ሰንጠረዥ በ«ወረራ» ይጀመር ነበር፤ ይኸውም የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን የሚያሰልፉበት ክፍል ነው። ዴቪድ ሆርን እ.ኤ.አ. በ1982 ለዜድኤክስ81 ያዘጋጀውና በ672 ባይት የተወሰነው የቼዝ ፕሮግራም፣ ንጉሥና ግንብ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበትን ሕግ ለቦታ ጥበት ሲል ትቷል። ሕጉ በሰንጠረዥም ስለሌለ ሁለቱ የተቀራረቡ ይመስላሉ። ሆኖም ፕሮግራሙ ተራ ጠባቂ ነው፤ ወረራን አያውቅም። ስለዚህ ከቼዝ ሕግ መቀነስ ሰንጠረዥን አያስገኝም።

ጉዳዩ በአማርኛ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በጋምቤላ ክልል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በተቋቋመው የኩሌ የስደተኞች መጠለያ፣ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ኑዌርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። አማርኛውን ወደ ኑዌርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ሰንጠረዥ» ከሚለው ቃል ሲደርስ ከሦስቱ ፍቾች አንዱን በግምት ለመምረጥ ይገደዳል። በምንጩ ያልተለየውን ተርጓሚ ከየት አምጥቶ ይለየዋል?

ስለሆነም ለዓለም አቀፉ ጨዋታ «ቼዝ»፣ ለጥንታዊው ጨዋታ «ሰንጠረዥ» እንዲጸና፤ በረድፍና በዐምድ ለሚቀርበው ደግሞ «የመረጃ ሰንጠረዥ» ወይም «የስሌት ሰንጠረዥ» ተብሎ ከገላጭ ጋር እንዲጻፍ እናሳስባለን። ትውስቱን ቃል መቀበላችን የራሳችንን ቃል ከነፍቹ ያቈይልናል።