ስሙና ፍሬ ነገሩ፦ ስለ ወንጀል ሕግ መነሻ ቃላት

የወንጀል ሕግ ትምህርት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሙያውን ቃላት በአንድ ወገን ስያሜውን፣ በሌላው ወገን ፍቺውን ጽፎ ለመሸምደድ ይሞክራል። ይህ አጠናን ለፈተና ይበጅ ይሆናል፤ ክስ ለሚያረቅ ዐቃቤ ሕግ ወይም መከላከያ ለሚያዘጋጅ ጠበቃ ግን የሚሰጠው እርዳታ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም «ስርቆት» ወይም «ግድያ» የሚለው ስያሜ እያንዳንዳቸው በማስረጃ መረጋገጥ ያለባቸውን በርካታ ነጥቦች በውስጡ ይዟል። እነዚህን ነጥቦች ሕጉ «ፍሬ ነገሮች» ይላቸዋል፤ የጀማሪው የመጀመሪያ ሥራም ስያሜውን ፈትቶ ፍሬ ነገሮቹን ለይቶ ማውጣት ነው።

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 23 እንደሚደነግገው፣ አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች በአንድነት ተሟልተው ሲገኙ ነው። ሕጋዊው ድርጊቱ አስቀድሞ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ነው፤ ስለዚህም ዳኛ አንድ አስነዋሪ ነገር ቢያጋጥመው እንኳ ሕጉ ከሚያውቀው ወንጀል ጋር አመሳስሎ አዲስ ወንጀል መፍጠር አይችልም። ግዙፋዊው በውጭ የሚታየው ድርጊት፣ ወይም መደረግ ሲገባው ያልተደረገው ነገር ሲሆን፣ ሕጉ ውጤት በሚጠይቅበት ጊዜ ውጤቱንና ድርጊቱን ከውጤቱ ጋር የሚያያይዘውን ምክንያትም ይጨምራል። ሞራላዊው የአድራጊውን የአእምሮ ሁኔታ ይመለከታል። የባልደረባውን ስልክ የራሱ መስሎት ይዞ የሄደ ሰው የሌላ ሰው ንብረት መውሰዱ እውነት ነው፤ የማይገባ ጥቅም የማግኘት ሐሳብ ስላልነበረው ግን ስርቆት አልፈጸመም።

ፍሬ ነገር መለየት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ከዚሁ ከስልክ መራቅ አያስፈልግም። ስልኩን ያጣ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የሚናገረው «ተሰረቅሁ» ብሎ ነው፤ ዜና አቅራቢውም ሁሉንም «ዘረፋ» ሊለው ይችላል። የሕግ ባለሙያው ግን አስቀድሞ ዕቃው ከባለቤቱ እጅ እንዴት እንደወጣ ይጠይቃል። በታክሲ ግፊያ መካከል ባለቤቱ ሳያውቅ ከኪሱ ተወስዶ ከሆነ አንቀጽ 665 የሚመለከተው ስርቆት ነው። ወሳጁ ባለቤቱን በብርቱ አስፈራርቶ ከሆነ ነገሩ ወደ ውንብድና ይሻገራል፤ በአንቀጽ 670 የተደነገገው ቅጣትም ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ባለቤቱ ራሱ ለጥገና የሰጠውን ስልክ ጠጋኙ ለራሱ ጥቅም ሽጦት ከሆነ፣ ዕቃው በባለቤቱ ፈቃድ ወደ ጠጋኙ እጅ ስለገባ ስርቆት መባሉ ያከትምና እምነት ማጉደል (አንቀጽ 675) ይሆናል። ገዢ መስሎ የቀረበ ሰው ሐሰተኛ የባንክ መልእክት አሳይቶ ስልኩን ተቀብሎ ከሆነም ባለቤቱ ዕቃውን የሰጠው ወድዶ ነው፤ ፈቃዱ የተገኘው ግን በማታለል በመሆኑ አንቀጽ 692 ያገኘዋል። ከአራቱም ሁኔታዎች በኋላ ባለቤቱ ያለ ስልክ ቀርቷል፤ ዐቃቤ ሕጉ በክሱ ውስጥ «የወንጀሉ ዝርዝር» በሚለው ሥር የሚጽፋቸውና ምስክር የሚያሰማባቸው ፍሬ ነገሮች ግን አራት ዓይነት ናቸው።

እዚህ ላይ «ጽኑ እስራት» የተባለው ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ዓመት፣ ሕጉ ለይቶ በጠቀሰ ጊዜም እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ ሲሆን፣ «ቀላል እስራት» ግን በመደበኛው ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቸግረው ሞራላዊው ፍሬ ነገር ነው። ሕጉ ሁለት ዓይነት ጥፋት ያውቃል፤ «አስቦ» ማድረግና «ቸልተኝነት»። ጀማሪው «አስቦ» ሲባል የሚመጣለት ያቀደ፣ የዛተና ያደባ ሰው ነው፤ አንቀጽ 58 ግን ከዚህ ይሰፋል። በሠርግ ደስታ ከሕዝቡ አናት በላይ ጥይት ተኩሶ ሰው የገደለ ሰው ማንንም የመግደል ፍላጎት አልነበረውም እንበል። ጥይቱ ሰው ሊመታ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ተኩሶ ከሆነ፣ ውጤቱን ባይፈልገውም ተቀብሎታልና አስቦ እንደገደለ ይቆጠራል። አደጋው ታይቶት፣ ነገር ግን «ማንንም አይነካም» በሚል ግዴለሽ እምነት ተኩሶ ከሆነ፣ ወይም ማሰብ ሲገባውና ሲችል ጨርሶ ሳያስበው ቀርቶ ከሆነ ቸልተኛ ነው። በአንቀጽ 540 የተመለከተው ተራ የሰው ግድያ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ በቸልተኝነት መግደል ደግሞ፣ ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎች ከሌሉ፣ በአንቀጽ 543 መሠረት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ይህን ያህል ርቀት የሚለካው በአንድ ሰው ልቡና ውስጥ ለቅጽበት በታሰበ ነገር ነው። ልቡናን ደግሞ ምስክር አያየውም፤ ስለዚህ ጥሩ ዐቃቤ ሕግ ምስክሩን «አስቦ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ የጠመንጃው አፈሙዝ ወዴት እንደነበር፣ ሕዝቡ ምን ያህል ቀርቦ እንደቆመ፣ አስቀድሞ «ተው» ያለው ሰው እንደነበረና ከተኩሱ በኋላ ምን እንዳደረገ ይጠይቀዋል እንጂ።

ሌሎቹን ቃላት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። «መሰናዳት» መሣሪያ ማዘጋጀትን የመሰለ ቅድመ ሥራ ሲሆን በመርሕ ደረጃ አያስቀጣም፤ «ሙከራ» ግን ወንጀሉን መፈጸም ጀምሮ ግቡ ላይ አለመድረስ በመሆኑ ያስቀጣል። ከአንድ ሰው በላይ ባለበት ጉዳይ «ዋና ወንጀል አድራጊ»፣ ሌላውን የገፋፋ «አነሳሽ» እና የረዳ «አባሪ» ይለያሉ።

የሰዎቹ ስያሜ ከችሎቱ ሂደት ጋር አብሮ ይለወጣል፤ በዚህም ረገድ ጥንቃቄ የሚያንሳቸው የሕግ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። ፖሊስ የያዘው ሰው «ተጠርጣሪ» ነው፤ ክስ ሲመሠረትበት «ተከሳሽ»፣ ጥፋተኛ ተብሎ ሲፈረድበት «ፍርደኛ» ይባላል። ገና ምርመራ ላይ ያለን ሰው «ወንጀለኛው ተያዘ» ብሎ መዘገብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተጠበቀውን እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይጋፋል። ሌላው በብዙ ቤተሰብ ላይ ድንጋጤ የሚያመጣ ቃል «ይከላከል» የሚለው ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ተከሳሹን ለማስፈረድ በቂ መስሎ ካልታየው በነፃ ያሰናብተዋል፤ በአንጻሩ ማስረጃው፣ በሌላ ካልተስተባበለ፣ ሊያስፈርድበት የሚችል ከሆነ «ይከላከል» ብሎ ብይን ይሰጣል። ይህ በክርክሩ መካከል የሚሰጥ «ብይን» ስለሆነ ጥፋተኛ የሚያሰኘው «ፍርድ» አይደለም፤ ተከሳሹ መከላከያ ምስክሮቹን አሰምቶ ነፃ ሊወጣ ይችላል።

ፍሬ ነገሮችን የማወቅ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ተከሳሹ «የእምነት ክህደት ቃል» በሚሰጥበት ሰዓት ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣውና ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ ማመን ማለት የተከሰሱበትን ወንጀል ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያለ አንዳች ገደብ መቀበል ነው። ስለዚህ «ገድዬዋለሁ፤ ነገር ግን ሊገድለኝ መጥቶ ራሴን ስከላከል ነው» የሚል ተከሳሽ መግደሉን በራሱ አንደበት ቢናገርም ሕጋዊ መከላከልን አንሥቷልና፣ ዳኛው መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ክዶ እንደተከራከረ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም ምስክሮቹን እንዲያሰማ ይታዘዛል።