«ጭስ»፣ «በካይ»፣ «ማጣሪያ»
ከተሽከርካሪ ሞተር ስለሚወጡ ጎጂ ጋዞች በሚሠራባቸው የአማርኛ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ሙያዊ ቃል የሚመዘነው በውበቱ ወይም በተገኘበት ቋንቋ ሳይሆን፣ የተሰየመለትን ነገር ከጎረቤቱ ለይቶ ለማሳየት ባለው ችሎታ ነው። ይህ መመዘኛ በማናቸውም ዘርፍ የሚሠራ ቢሆንም፣ የቃላት መደባለቅ የሰውን ጤና በሚነካበት ዘርፍ ይበልጥ መጥበቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ዘርፎች አንዱን፣ ይኸውም ከተሽከርካሪ ሞተር የሚወጡትን ጎጂ ጋዞች ስለ መቀነስ በአማርኛ የሚጻፈውንና የሚተረጎመውን ነው። ዓላማችን ተርጓሚዎችን መንቀፍ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቃላት በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በጋራዥ ውስጥ ሥራ ሲያጣድፍ የተገኙ ናቸው። ነገር ግን ቃል አንድ ጊዜ ከተለመደ በኋላ አሳብን ይመራልና፣ ወዴት እንደሚመራን መጠየቅ የመዝገበ ቃላት ባለሙያ ግዴታ ነው።

ሀ. «ጭስ»

በአማርኛ ከሞተር የሚወጣው ሁሉ «ጭስ» ይባላል። የሚወጣበት ቧንቧ «ጭስ ማውጫ» ነው፤ መፍትሔውም «ጭስ መቀነስ» ይባላል። ቃሉ ጥንታዊና ለሁሉ የሚገባ ነው። ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ጭስ በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ውስጥ በዓይን የሚታይ፣ ዓይንንም የሚያስለቅስ ነገር ነውና። የማይታይ ጭስ አይታሰብም።

ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመረዳት ከሞተር በፊት የከሰል ምድጃን እንመልከት። ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው ምድጃውን በደጅ ያቆየዋል፤ «ጭሱ ወጥቶለታል» ሲባል ወደ ቤት ያስገባዋል። ጭሱ በእርግጥ ወጥቶለታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከፍሙም ይወጣል፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ተጣብቆ ኦክሲጅን እንዳይጓጓዝ ያግዳል፤ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው ይገድላል። ቋንቋው ያስጠነቀቀው ከሚታየው ብቻ ነበር። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ «ይህ መኪና አያጨስም» ብሎ የሚተማመን መካኒክም የሚያሰጋው አደጋ ይኸው ነው።

በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ነገሩ ከመደበቅ አልፎ ይገለበጣል። የቃጠሎው ሙቀት ከፍ ሲል ነዳጁ በደንብ ይቃጠልና ጥቁሩ ጭስ ይቀንሳል። በዚያው ሙቀት ግን የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን እየተዋሐዱ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይበዛሉ። ስለዚህ «ጭሱን ቀንስ» የሚለውን መመሪያ በታማኝነት የፈጸመ ሰው ሌላውን ጎጂ ጋዝ አብዝቶ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይፋ ያደረገው የቮልክስዋገን ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን በሚጠጉ የናፍጣ መኪኖች ላይ፣ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን የሚለይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተጭኖ ነበር፤ በመንገድ ላይ ግን አንዳንዶቹ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር። ከኋላቸው የሚታይ ጥቁር ጭስ አልነበረም። ይህንን ጉዳይ «የጭስ ማጭበርበር» ብሎ የሚተረጉም ሰው የጥፋቱን ስም ካልነበረው ነገር ይወስዳል።

እንግዲህ «ጭስ» ይጣል አንልም። ለሚታየው፣ ማለትም ለጥላሸቱና ለብናኙ፣ ይወሰን። የሚታየውንም የማይታየውንም ለሚያጠቃልለው ግን ሌላ ስም ያስፈልጋል፤ እኛ «ተረፈ ቃጠሎ» የሚለውን እናቀርባለን።

ለ. «በካይ ጋዝ»

«ብክለት» እና «በካይ» በሚገባ የተተከሉ ቃላት ናቸው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ወዲህም «ብክለት» የሕግ ቃል ሆኗል። ችግሩ የሚነሣው «በካይ ጋዝ» ለሁሉም ጋዝ ሲሰጥ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወዲያው የሚገድል መርዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እኛም የምንተነፍሰው ጋዝ ነው፤ ጉዳቱ በከባቢ አየር ውስጥ እየተጠራቀመ ምድርን ማሞቁ ነው። ሁለቱም «በካይ» ከተባሉ፣ በቤንዚን መኪና ላይ የሚገጠመው መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል የሚለው ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር «በካይ ጋዝን ወደ በካይ ጋዝ ይለውጣል» ወደሚል ትርጉም የለሽ ንግግር ይወርዳል። «ታዲያ ምን ተጠቀምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ቃላችን ነው።

«የካርቦን ልቀት» የሚለው አጭር አነጋገርም ከዚህ የባሰ ነው። ጥላሸቱ ካርቦን ነው፤ ሞኖክሳይዱም ዳይኦክሳይዱም ካርቦን አለባቸው። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ጉዳት፣ ሦስት ዓይነትም መፍትሔ አላቸው፤ የዳይኦክሳይዱ መፍትሔ ነዳጅን አሳንሶ ማቃጠል እንጂ በቧንቧ ላይ የሚገጠም መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ጤናን በቀጥታ ለሚጎዱት «ጤና ጎጂ ጋዝ»፣ ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለመሰሎቹ ደግሞ አስቀድሞ የተለመደው «ሙቀት አማቂ ጋዝ» ቢለዩ አሳቡ ይጠራል።

ሐ. «ማጣሪያ»

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የመኪና ፋብሪካዎች ዋና ዋናዎቹን ጎጂ ጋዞች በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አስገደደ። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ አዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች ላይ የተገጠመው መሣሪያ የዚህ ሕግ ውጤት ነው። በአማርኛ «የጭስ ማጣሪያ» ሲባል ይሰማል። ማጣሪያ ግን በቋንቋችን የሚያስቀር ነገር ነው፤ አተላው ይቀራል፤ ሲሞላ ይታጠባል ወይም ይደፋል። ይህ መሣሪያ ምንም አያስቀርም። እንደ ማር እንጀራ ብዙ ቀዳዳ ባለው አካሉ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብተውበታል፤ አንድ ጋዝ ይገባል፣ ሌላ ጋዝ ይወጣል፤ ብረቶቹም በሥራው አያልቁም። «ማጣሪያ» ብሎ የተማረ ሰው መሣሪያው ሞልቷል ብሎ ቢያጥበው ወይም ሆዱን ቀዶ ቢያወጣው፣ ቃሉ ያስተማረውን ፈጽሟል።

ከዚህም በላይ በዘመናዊ የናፍጣ መኪና ላይ ጥላሸቱን ይዞ የሚያስቀር እውነተኛ ማጣሪያ አለ። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም፤ የመጀመሪያው «ጋዝ ለዋጭ»፣ ሁለተኛው «የጥላሸት ማጣሪያ» ቢባሉ ይሻላል። መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወስደው የሚሠሩበት «ማርሚታ» ባለበት ይኑር፤ ነገር ግን የማርሚታ ሥራ ድምፅን ማፈን ነው፤ ማርሚታ መቀየር ጋዙን አያጠራም። «ጭስ ማውጫ» ብሎ ሁሉንም በጅምላ የሚተረጉም ሰው የጋራዡ ቋንቋ የጠበቀውን ልዩነት ያጠፋል።

መ. «መቀነስ»

በእንግሊዝኛ ማሳነስንና በኬሚስትሪ ኦክሲጅንን ማስለቀቅን የሚገልጸው አንድ ቃል ነው። ተርጓሚው ለሁለቱም «መቀነስ» ይላል። «ለዋጩ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ይቀንሳል» የሚለው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ለዋጩ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ኦክሲጅን እንደሚነጥቅ፣ ለካርቦን ሞኖክሳይድና ላልተቃጠለው ነዳጅ ደግሞ ኦክሲጅን እንደሚሰጥ አይነግረንም። አንባቢው ይህን ጥንድ ካላየ፣ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የሚለው ምጣኔ ለምን በጥብቅ እንደሚጠበቅ አይገባውም። አየር ከበዛ የሚነጠቅ የለም፤ ነዳጅ ከበዛ ሰጪ ይጠፋል። ስለዚህ በኬሚስትሪ ረገድ «ኦክሲጅን መንጠቅ» እና «ኦክሲጅን መስጠት» እንበል፤ «መቀነስ» ለመጠን ይቅር።

አየር በሚበዛበት የናፍጣ ሞተር ይህ ለዋጭ ናይትሮጅን ኦክሳይድን የማያጠፋውም ስለዚሁ ነው። በዚያ የሚረጨው 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለበት ሙሙት ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው አሞኒያ ኦክሳይዱን ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጣል። ዩሪያን ገበሬው በማዳበሪያነት ያውቀዋልና፣ ተርጓሚው «ዩሪያ» ብቻ ብሎ ማለፍ የለበትም፤ «የሞተር ዩሪያ ሙሙት» ብሎ ከማዳበሪያው ይለየው፤ የራሱ ጋን ያለውና ከነዳጅ የማይቀላቀል መሆኑንም ያስረዳ።

ሠ. «ልቀት»

ይህ ቃል «የልቀት ማዕከል» በሚለው አነጋገር ከ«ላቀ» የመጣ ሲሆን፣ በያዝነው ጉዳይ ግን ከ«ለቀቀ» የተገኘ ነው። ከ«ለቀቀ» የተገኘው፣ ሁለቱ «ቀ»ዎች ስለሚጋጠሙ፣ ጠብቆ ሊነበብ ይገባዋል፤ ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ ልዩነቱ ይጠፋል። ቢሆንም ቃሉ ሥር ሰዷል፤ ዐውዱም ያድነዋል። ብቻውን ሳይቆም «የጋዝ ልቀት»፣ «የብናኝ ልቀት» እየተባለ ይጻፍ እንጂ መተካቱን አንደግፍም።

በመጨረሻም ሁለት ተቃውሞዎችን እናነሣለን። የመጀመሪያው «ስም ምን ያደርጋል? ሥራው ነው እንጂ» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጠው እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን «ኤቲል» በሚል የንግድ ስም ወጣ፤ «እርሳስ» የሚለው ቃል ከስሙ ተለየ። በ1924 ቅመሙ በሚሠራበት አንድ የኒው ጀርሲ ማጣሪያ ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ። እንዲህ ያለው ቤንዚን ለመኪና መሸጡ በዓለም ላይ ፈጽሞ የቆመው አልጄሪያ በ2021 ካቆመች በኋላ ነው። ለዚህ መዘግየት ስሙ ብቻ ምክንያት ነው አንልም፤ መርዙን ግን ሸሽጓል። ሁለተኛው ተቃውሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ ነገሩ ያልፍበታል የሚል ነው። አስቀድመው የገቡት መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ የሚጠግኗቸውና አጠገባቸው የሚተነፍሱ ሰዎችም አሉ።

ለማጠቃለል፣ «ጭስ» ለሚታየው፣ «ተረፈ ቃጠሎ» ለጠቅላላው፣ «ጤና ጎጂ ጋዝ» እና «ሙቀት አማቂ ጋዝ» ለሁለቱ የጋዝ ወገኖች፣ «ጋዝ ለዋጭ» እና «የጥላሸት ማጣሪያ» ለሁለቱ መሣሪያዎች፣ «ኦክሲጅን መንጠቅ» ለኬሚስትሪው እንዲውሉ አሳብ እናቀርባለን። ከእነዚህ የተሻለ ቃል ያለው፣ በተለይም ከጋራዥ ባለሙያዎች አንደበት የሰማ አንባቢ፣ ቢያርመን ደስ ይለናል። ልዩነቱ እስከ ተጠበቀ ድረስ ስሙ የማንም ቢሆን አንከራከርም።