ከአጥሩ ማዶ የሚዘለው ሰው

እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ኦሊምፒክ፣ ደቡብ ኮሪያዊቷ የፊገር ስኬቲንግ (የበረዶ ላይ ሸርተቴ) ተወዳዳሪ ዩና ኪም በረዶው ላይ ስትዘል ከአጥሩ ማዶ የቆመው አሠልጣኟ ብራያን ኦርሰርም አብሯት ይዘል ነበር። ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፤ ብድግ ይላል፤ በደህና ስታርፍ እጁን ወደ ላይ ይሰነዝራል። ያን ምስል ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ኦርሰር ራሱ በ1984 እና በ1988 ኦሊምፒኮች ለካናዳ ተወዳድሮ ሁለቴም የደረሰው የብር ሜዳሊያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በገዛ አገሩ፣ በካልጋሪ፣ ወርቁ ለጥቂት አምልጦት። ቶሮንቶ ውስጥ ያሠለጠናት ይህች ልጅ ግን በ228.56 ነጥብ፣ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን፣ ወርቁን ወሰደች። አሠልጣኝ ተከትሎ በረዶው ላይ አይገባም፤ ለአራት ደቂቃ ያህል የሚፈቀድለት ማየት ብቻ ነው። ለኦርሰር ማየቱ አልበቃውም። ገላው የሚያውቀውን ዝላይ፣ በተራ ጫማ፣ በደረቅ ወለል ላይ አብሯት ዘለለው።