ዳግም የተጠየቀች ልጅ

በተግባር ልምምድ ወቅት ነው። አንዲት የመምህርነት ሰልጣኝ በአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ፊት እኩል ውሃ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች አስቀመጠች። «የትኛው ይበዛል?» «እኩል ነው።» ሰልጣኟ የአንዱን ውሃ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችና ያንኑ ጥያቄ ደገመች። ልጅቷ ውሃውን ትታ የመምህሯን ፊት አየች፤ ቀጥላም ረጅሙን ጠቆመች። ሰልጣኟ ቅጹ ላይ «መጠን እንደማይለወጥ ገና አልገባትም» ብላ ጻፈች። እኔም እንደ አሰልጣኝ ፈረምኩበት።

በእረፍት ሰዓት ልጅቷን ጠጋ ብዬ፣ «ቅድም እኩል ነው ብለሽ አልነበር?» አልኳት።

«ቲቸር ደግማ ስትጠይቀኝ የተሳሳትኩ መሰለኝ» አለች።

እውነቷን ነው። በእኛ ክፍሎች መልሱ ልክ ሲሆን መምህሩ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት» ብሎ ያልፋል፤ ደግሞ የሚጠይቀው መልሱ ሲሳሳት ነው። ልጅቷ ስለ ውሃ ያወቀችውን የሸፈነባት ስለ መምህር ያወቀችው ነገር ነው።

ይህን ቀድሜ ያስተዋልኩት እኔ አይደለሁም። በ1974 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሱዛን ሮዝ እና ማሪዮን ብላንክ ጥያቄውን ከለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያቀርቡት፣ ልጆቹ ሁለት ጊዜ ከተጠየቁት በተሻለ መልሰዋል። በዚያው ዓመት ጄምስ ማክጋሪግል እና ማርጋሬት ዶናልድሰን ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን 80 ልጆች ፈተኑ። እንዲያወዳድሩ የተደረደሩላቸውን ነገሮች መርማሪው ራሱ ሆን ብሎ ሲያዛባ በትክክል የመለሱት 16 በመቶ ያህሉ ነበሩ። አንድ «ባለጌ» የአሻንጉሊት ድብ ድንገት ብቅ ብሎ ሲያዛባው ግን ቁጥሩ ወደ 62 በመቶ ከፍ አለ። የድቡ ተንኮል ከመምህር ጥያቄ ይልቅ ለልጅ ግልጽ ነው።

ይህን የብርጭቆ ፈተና የቀየሰው የሥነ ልቦና ምሁር ፒያዤ ተሳስቷል ለማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቀውም ረጅሙን ብርጭቆ ያለ ማመንታት የሚመርጡ የአራት ዓመት ልጆች በየዓመቱ አያለሁ። ቅር የሚለኝ እኛ መጽሐፉን ያሳጠርንበት መንገድ ነው። ፒያዤ የሦስት ልጆቹን ነገረ ሥራ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ የጻፈ ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ ትዝብት እኔ የማስተምርበት ሞጁል ያስቀረው አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ አራት የአስተሳሰብ ዕድገት ደረጃ፣ በየደረጃው ዕድሜ። ሰልጣኞች ሸምድደው ይፈተኑበታል፤ ልምምድ ሲወጡም ልጁን ከሠንጠረዡ ሣጥን በአንዱ ሊከቱት ይጣደፋሉ።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። ሠንጠረዡን ከማሳየቴ በፊት ሰልጣኞቼን ደብተር አስይዤ ለአንድ ሳምንት ወደ መጫወቻ ሜዳ እልካቸዋለሁ። መጠየቅ ክልክል ነው፤ ማየትና መጻፍ ብቻ። እቃቃ የሚጫወቱ ልጆች የጭቃ ወጣቸውን በትልቅና በትንሽ ቆርኪ ሲያካፍሉ «ያንተ በዛ» ብሎ የሚከራከረው ማን ነው? በምን ይታረቃሉ? እንቆቅልሽ ሲጫወቱም ያቃተው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል፤ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ የሚያስጨንቀው የለም። ከሳምንቱ በኋላ ሠንጠረዡን ስከፍተው ሰልጣኞቹ ከራሳቸው ደብተር ማስረጃ እያመጡ ይሞግቱታል። አንዳንዴ ሠንጠረዡ ይረታል፤ አንዳንዴ ልጁ።

ሙያችን ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጽሐፉ ምን እንደምናይ ይጠቁመናል፤ ያየነውን የሚነግረን ግን ልጁ ነው። ስለዚህ ነገ ክፍል የምትገቡ መምህራን፣ ልጁን አንድ ጊዜ ጠይቁና ጠብቁት። መደገም ካለበትም መጀመሪያ «መልስህ ልክ ነበር፤ እንዴት እንዳወቅህ ልስማ ብዬ ነው» በሉት።