የስለት ስለቱ

ብቸናም ሆነ ሞጣ ግጥም የሚሞክር ወጣት «ስለት» የምትለዋን ቃል ሳይነካ አያልፍም። ሞጣ ላይ ጊዮርጊስ አለ፤ ብቸና አጠገብም ዲማ ጊዮርጊስ። ሚያዝያ 23 ታቦቱ ሲነግሥ ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ ምንጣፉ በእልልታ ይገባል። «ስለቴ ሰመረልኝ!» በምትል እናት ፊት ፈረሰኛው ሰማዕት ተሥሏል፤ ጦሩን ዘንዶው ላይ ሰክቷል። የተሳለችው እናት፣ የተሳለው ሥዕል፣ የተሳለው ጦር አንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ የሚሻ ኅብር ፈላጊ ከዚህ ወዲያ ምን ይምጣለት?

ጣጣውም እዚሁ ይጀምራል። እንዲህ በነጻ የተገኘ ኅብር ገጣሚን ያሰንፋል። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ይህን አመጣልኝ፦

ሥዕሉ ፊት ቆማ ስትናገር አንዲት ቃል፣
የተሳለችውም ልጇን ይቆርጠዋል።

ቤቱ መትቷል። ሰሙም ደኅና ነው፤ እናት ልጇን ለታቦት ሰጠች። ወርቁ ግን አልወጣም። ቢላዋ የሞረደ ሰው «ሳለ» ይባላል እንጂ «ተሳለ» አይባልም፤ ተሳለ የሚባለው ራሱ ቢላዋው ነው። «የተሳለችው» ሲል ታዲያ ስእለቱ ብቻ ይሰማል፣ ብረቱ የለም፤ «ይቆርጠዋል» የሚለውም የሚይዘው አጥቶ ይንጠለጠላል። «ግሡን ተውና ስሙን ያዝ» አልሁት። ትንሽ አሰበና ሁለተኛውን ስንኝ «የእናቲቱ ስለት ልጇን ይቆርጠዋል» አለው። አሁን ቃል ኪዳኑም ቢላዋውም ያለ ጭንቅ በአንድ ስም ገቡ። የኅብር ፈተናው ይኸው ነው፤ ሁለቱም ፍቺ በዚያው ሰዋስው ካልቆመ ጨዋታ ነው እንጂ ቅኔ አይደለም።

በግእዝ የስእለቱ፣ የሥዕሉና የቢላዋው «ሳለ» ሦስት ሥር ናቸው። ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሠራ፤ ሰሐለ ሞረደ፣ አሾለ። ራስ ሚካኤል «ስሑል» የተባሉት ከሦስተኛው ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል አ፣ ዐ፣ ሐ አብረው ሄዱና ሦስቱም «ሳለ» ላይ ወደቁ። (የጉንፋኑን ሳለ ለቀልደኛ ትቼዋለሁ።) ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ «ስእለት» ብሎ ሥሩን ሲጠብቅ ኅብሩን ከወረቀት ላይ ይሰርዘዋል፤ «ስለት» ብሎ የጻፈ ደግሞ ከሊቃውንት ተግሣጽ አይድንም። እኔ ለግጥም ተግሣጹን እመርጣለሁ። ግጥም የሚሰማ እንጂ የሚታይ ብቻ አይደለም።

ከኅብሩ የሚበልጥ አጠቃቀም ግን አለ፤ እሱን ያሳዩን ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የማንኩሳዋ ውድነሽ በጣሙ ልጇን በዛብህን ለእግዚአብሔር በስለት ትሰጠዋለች። ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ ዲማ ይደርሳል። እዚያ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እያስተማረ ይወዳታል። መካከላቸው የፊታውራሪው የዘር ኩራት ብቻ ሳይሆን የእናቱም ቃል ቆሟል። የተሳለችው እናት ናት፣ የሚከፍለው ልጅ ነው። ሐዲስ ደብረ ኤልያስና ዲማ የተማሩ፣ ቅኔ የሚያውቁ ሰው ሆነው ሳሉ በቃሉ አልተራቀቁበትም። ስለቱን እንደ ዕዳ በዛብህ ጫንቃ ላይ ጫኑትና አስኬዱት። ከሁሉ የማደንቅላቸው ይህን መታቀብ ነው፤ ሰምና ወርቅ የሚችል ሰው እጁን መሰብሰብ ይከብደዋልና።

ለወጣቶቹ የምላቸውም ይህንኑ ነው። ስለትን ልትጽፉ ስትነሡ ቃሉን ለመፈልቀቅ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ «ማን ተሳለ? የሚከፍለውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኅብሩ ከመጣ ከዚያ በኋላ ይምጣ።